ባሌ የሚለማመደው ጥያቄ

ባሌ ዶክተር አይደለም፤ ጤና መኮንን ነው። ይህን ለእንጅባራ ሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። እሱ ራሱ መጀመሪያ ሰሞን «ዶክተር አትበሉኝ፣ ጢሞቲዎስ በሉኝ» ይል ነበር፤ ሰዉም «እሺ ዶክተር» ብሎ ይመልስለታል። አሁን እሱም ትቶታል። ስናደድ ብቻ «አንተ ጤና መኮንን!» የምለው እኔ ነኝ።

ክሊኒኩ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ የእኔ ጸጉር ቤት ከጎኑ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ስለሆነ በእሱ በኩል ሲሳሉ ይሰማኛል፣ በእኔ በኩል ስንስቅ ይሰማዋል። የሚገርመኝ ነገር አለ። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ገና ጸጉሯን ፈትቼ ሳልጨርስ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ሳታገባው ስለቀረችው ሰው ትነግረኛለች። ያቺው ሴት ግድግዳውን ዞራ እሱ ዘንድ ስትገባ «ራሴን ያመኛል» ብላ ዝም። እሱም የራስ ምታት መድኃኒት ይጽፍላታል። «አንተ እኮ ሰው አትጠይቅም» እለዋለሁ። «አንቺ እኮ ሐኪም አይደለሽም» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ልጆች አሳድገናል።

ጢሞ የዳንግላ ልጅ ነው። እናቱ ገበያ ዳር በልብስ ስፌት ነው ያሳደገችው፤ ፈረስ ሲባል እሱ የሚያውቀው ጋሪ የሚጎትተውን ነው። የእኔ አባት ግን ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ ገጠር ወጥቶ፣ ቀርቀሃ ሲነግድ እንጅባራ ቀርቶ፣ ኋላም ወንጌል ተቀብሎ ሚልካ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ነው። እኔ በአያቴ ቤት አዊኛ እየተናገርኩ፣ ፈረስ እንደ ሰው ስም ወጥቶለት ሲጠራ እየሰማሁ አድጌአለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ባሌን ላሞግሰው አልፈልግም፣ ይኩራራብኛል። ግን እውነቱን ልናገር። እሱ ያዋለዳቸው ሴት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጅ አቅፈው እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን መድኃኒቱን በትክክል እንደማይውጥ፣ የማን ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስና ልጆቹ ለምን እንደሚያስሉ ያውቃል። በዝናብም በጭቃም የተጠራበት ይሄዳል። ጫማውን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዶ ሲመለስ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥልጠና ቦርሳና ኮፍያ ይዞ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ሐሳብ ይዞ መጣ። በሌላው አገር የቤተሰብ ሐኪም የሚባል አለ አለኝ፤ አባትየውንም፣ እናትየዋንም፣ ልጆቹንም ዓመት ከዓመት የሚያክም፣ ቤታቸውን የሚያውቅ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ክፉው ቀን ከመድረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ እዚያ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ይሄዳል። ጨጓራ ይላል፣ ወገብ ይላል፣ እንቅልፍ ይላል። ሐኪሙ ከጠየቀው ይናገራል፤ ካልጠየቀው መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል።

«እና አንተ ምንድን ነህ ታዲያ?» አልኩት። «አባቱንም ልጁንም የምታክም አንተ አይደለህ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለ። «ስንቱን ሳልጠይቅ ሸኝቼ ይሆን?»

ያን ቀን ራቱን በደንብ አልበላም።

ጥያቄው በግልጽ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ዙሪያ ጥምጥም የለም። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፣ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ይህን ለእኔ ነገረኝ፤ ለአገሩ ግን ማን ይንገርለት? እኛ ዘንድ ሞትን በስሙ መጥራት ሟርት ነው። ሊሞት ያጣጣረ ሰው ቤት ገብተን እንኳ «ደኅና ነህ፣ ምንም አልሆንክም» እንላለን። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ መለማመድ ጀመረ። በእኔ ላይ ነዋ! ሽንኩርት ስከትፍ መጥቶ ከኋላዬ ይቆማል።

«ሚልኬ፣ ኑሮ አስጠልቶሽ ያውቃል?»

«አሁን ያስጠላኝ ሽንኩርቱ ነው።»

«በቁም ነገር ነው። ቆይ፣ እንዲህም አይባልም። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ። ጨው አቀብለኝ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ልብስ ሳሰጣ ይመጣል። «ድምፄ እንዴት ነው?» ይለኛል። «የፖሊስ ነው» እለዋለሁ። ትንሽ ያለሰልሰዋል። «አሁንስ?» «አሁን ደግሞ የዘማሪ።» ይስቃል። በቤተ ክርስቲያናችን ኅብረት ጊታር የሚመታው እሱ ነው። ያቺን ጊታር ከነጥቁር ማኅደሯ ከቁም ሣጥኑ በላይ ይሰቅላታል፤ ልጆቻችን እንኳ ሳያስፈቅዱ አይነኳትም። ሲከፋውም ሲደሰትም እሷን ነው የሚያወርደው።

ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ እንጃ። እኔም ስንት ጊዜ «በጭራሽ» እንዳልኩት። ጨዋታችን ሆኖ ነበር።

ጋሽ ይኸነው ከዘንገና በላይ ያለ መንደር ገበሬ ነበሩ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንችና ገብስ የሚያበቅለውን መሬታቸውን ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ አለበሱት። መጀመሪያ በጀ፤ ኋላ ግን ዛፉን በሽታ ገባበትና እንደቆመ ደረቀ። ሰው እስከ ዛሬ ጋሽ ይኸነውን ያጠፋቸው የዛፉ ነገር ነው ይላል። እኔ አልቀበልም። ዛፍ የደረቀበት ሁሉ አልሞተም። ጢሞ እንደሚለው ይህ ነገር እንደ ክረምት ጎርፍ ከየቦታው ነው የሚጠራቀመው፤ አንዱን ጅረት ይዞ «አንተ ነህ» ማለት አይቻልም።

ሁልጊዜ በፈረስ ነበር የሚመጡት። ዳማ ነው ፈረሱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ በጥር ጊዮርጊስ የፈረስ በዓል ሜዳ ላይ ሲወጣ ሰው የሚያጨበጭብለት። ክሊኒኩ በር ላይ ካለችው ባሕር ዛፍ ያስሩታል፤ ደንበኞቼ ጸጉራቸው እንደተጠቀለለ እየወጡ ያዩት ነበር። አመጣጣቸው ግን እየተደጋገመ ሄደ። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ወገቤ። ልብሳቸው በየሳምንቱ እየሰፋባቸው ሄደ። ጢሞ የጨጓራ መድኃኒት እየሰጠ፣ ማታ ማታ «ጨጓራ አይደለም ሚልኬ» ይለኛል።

«ጠይቃቸዋ!»

«ከእትዬ እንቁ ጋር እኮ ነው የሚመጡት።»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀርብም፤ አስታማሚ አብሮት ይገባል፣ ለእሱም ይመልስለታል። ጢሞ «ምግብ ይበላሉ?» ሲል ሚስትየው እትዬ እንቁ «እህል አይቀምስም» ይላሉ። «እንቅልፍስ?» ሲል «ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው የሚያድር» ይላሉ። ጋሽ ይኸነው ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። እንግዲህ እዚያ መካከል ያ ጥያቄ እንዴት ይገባል? ሚስቲቱን «አንዴ ይውጡልኝ» ቢል፣ እሳቸው «ባሌ ምን ክፉ በሽታ ቢገኝበት ነው» ብለው ለቅሶ ይጀምራሉ። እናም «ብቻቸውን ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

ብቻቸውን የመጡ ቀን እኔ ሙሽራ ላስውብ አዘና ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ፈረሱ ግቢያችን ውስጥ ታስሮ አገኘሁት። ጢሞ በረንዳው ላይ ቆሞ ፊቱ በርቷል።

«ይህ ፈረስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ጋሽ ይኸነው ሰጡኝ! ብታያቸው ሚልኬ፣ ሌላ ሰው ሆነዋል። ስቀው ሲያወሩ ዋሉ። እንቅልፍም መጥቶላቸዋል። ‹ከእንግዲህ ፊቴን ወደ እግዚአብሔር አዙሬአለሁ፣ ገዳም ልገባ ነው፤ እርስዎ ብዙ ለፍተውብኛል፣ ይህ ለእርስዎ ይሁን› አሉኝ። እኔም እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ሸኘኋቸው።»

«ጠየቅሃቸው?»

«ምኑን?»

«ሽንኩርት ስከትፍ የምትጠይቀኝን ነዋ!»

ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። «ደስ ብሏቸው እኮ ነበር» አለ። «ደስ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ ልጠይቅ?»

አልፈርድበትም። ሀብቱን በትኖ ገዳም የሚገባን ሰው በእኛ አገር ማን ይጠረጥረዋል? ይቀኑበታል እንጂ። የጰንጤው ሐኪም ቀርቶ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ ብለው መርቀዋቸዋል። እኔ ግን ፈረሱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ኮርቻው ጀርባው ላይ ነው። ልጓሙ አለ፣ የግንባሩ ጌጥ አለ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ምንጣፍ እንኳ ሳይቀር አለ።

አያቴ ሲሞት ፈረሱን ጭነው፣ በሙሉ ጌጡ አድርገው፣ ኮርቻው ባዶ እንደሆነ በለቅሶው መካከል ሲያዞሩት አይቻለሁ። የእኛ ሰው ፈረሱን ይሸጣል፣ ለወንድሙ ልጅም ይሰጣል። ኮርቻውን ግን በቁሙ ለባዳ አይሰጥም። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ቀን የእሱ ነው።

«ጢሞ» አልኩት፣ «ሰውየው ገዳም አይደለም የሚሄደው።»

ጢሞ ወዲያው ስልክ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። በፈረሱ ልሂድ ብሎ ቀረበው፤ ፈረሱ ጆሮውን ሲያጥፍበት ወደ ኋላ አለ። ባጃጅ ይዘን አስፋልቱ እስከሚያደርሰን ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም፤ የጸለይኩትም «ድረስ፣ ድረስ» ብቻ ነው።

ደረስን። እትዬ እንቁ ገበያ ናቸው። ጋሽ ይኸነው ከጓሮ፣ የደረቁት ዛፎች ሥር፣ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩን አልደነገጡም። «ፈረሱ አስቸገራችሁ?» አሉ።

ጢሞ ከእሳቸው አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ የፖሊስም የዘማሪም አልነበረም። «ጋሽ ይኸነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

በመንደሩ ውስጥ ውሻ ይጮኻል። እሳቸው ቆባቸውን አወለቁ። ሲመልሱ ወደ እኔ ዞረው በአዊኛ ነበር፤ በክሊኒክ አማርኛ የሚነገር ነገር አልነበረም መሰለኝ። «አዎ» አሉ። «እህሌን የሚጠይቀኝ ሞልቷል፣ ዛፌንም የሚጠይቀኝ ሞልቷል። እኔን ምን ብዬ ልናገር?» ከዚያ አለቀሱ፤ ጢሞም አዊኛ ባይሰማም ገባው። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ጢሞ በእጁ ዝም በይ አለኝ። እሱም አልተናገረም። አጠገባቸው ተቀምጦ ቆየ፤ ሌላ ምንም አላደረገም።

ያን ቀን እትዬ እንቁ ከገበያ ሲመለሱ ሁሉም ተነገራቸው። ጋሽ ይኸነው ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ በቤት ውስጥ ለአደጋ የሚሆነው ነገር ሁሉ ተለቅሞ ወንድማቸው ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። በማግስቱ ጢሞ ራሱ ይዟቸው ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ሲስተር ስሜነሽ የምትባል የአእምሮ ሕሙማን ነርስ አለች፤ ለሚመላለሰው ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ናት። መድኃኒት ተጀመረ።

ፈረሱን ግን እሳቸው አልወስድም አሉ፤ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው። ባሌ በዕድሜው ያደረገው ብልጠት ይሄኔ ያደረገው ብቻ ይመስለኛል። «እንግዲያው ጋሽ ይኸነው፣ እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ ፈረስ መቀለብ አላውቅም። በየገበያው ቀን እየመጡ ያሳዩኝ፤ አለበለዚያ ይሞትብኛል» አላቸው። ለሕክምና ቢቀጥራቸው ይቀሩ ነበር፤ ለፈረሱ ግን አልቀሩም። በየገበያው ቀን ይመጣሉ፣ ጢሞን ይቆጡታል። «ገብሱን እንዲህ ነው የሚሰጡት? ሰኮናውን ያዩታል?» ባሌ «እሺ፣ እሺ» እያለ ያመጣል፣ ይወስዳል፤ በመካከሉ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለዚያም ሐሳብ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ፈረሱን እያሹ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይመልሱለታል። ጸጉር ስሠራ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር። በጋው ሲገባ ልብሳቸው ልክ ሆነላቸው። አንድ ቀን እንዲያውም ጢሞን ኮርቻው ላይ አውጥተው በግቢው ውስጥ ሲያዞሩት ደንበኞቼ ሁሉ ወጥተው እልል አሉ።

ያ ሁሉ እንዴት እንደተበላሸ ስነግራችሁ የምወቅሰው ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። የለም። መጀመሪያ አገሩ ታወከና መንገድ ተዘጋ። ሲስተር ስሜነሽ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ሄዳ መመለስ አልቻለችም። ቀጥሎ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። ጢሞ በየመድኃኒት ቤቱ ዞረ፤ ዳንግላ ለሚኖረው የትምህርት ቤት ጓደኛው መልእክት ላከ፤ ጥቂት ተገኘ፣ እሱም አለቀ። ዘመዶቻቸው ጸበል ወሰዷቸው። ጢሞ አልከለከለም፤ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብቱም ጥሩ ሰው ናቸው፣ «ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ» ነበር ያሉት። ግን የሚዋጥ ኪኒን ከየት ይምጣ?

አንድ የገበያ ቀን ቀሩ። ጢሞ ገብሱን ይዞ በር በሩን ሲያይ ዋለ። ስልክ የለም። በማግስቱ ልሄድ ብሎ ተነሣ፤ ከከተማው መውጫ ላይ «መንገዱ ዝግ ነው፣ ተመለስ» ተባለ። «ሐኪም ነኝ፣ በሽተኛ አለብኝ» አለ። ተመለስ ተባለ። በሌላውም ቀን ሄደ፤ አሁንም መለሱት። ሲመለስ በኔ ደንበኞች ፊት ነጭ ጋውኑን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረው። እሱ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም።

መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የመጣው የእትዬ እንቁ ወንድም ነው። ጋሽ ይኸነው ሞተዋል። እንዴት እንደሞቱ አልናገርም፤ ለማንም አይጠቅምም። ሰውየው እኛን ሊያረዳ ብቻ አልነበረም የመጣው። ሁለት ነገር ፈልጎ ነው። አንደኛው ፈረሱን ነው፤ ለለቅሶው። ሁለተኛው ጢሞን። ቤተሰቡ ፍትሐት እንዳይከለከልባቸው ፈርተዋል፤ ቄስ ሀብቱ «ያከመው ሐኪም ይምጣና በቃሉ ይንገረኝ» ብለዋል።

ጢሞ ፈረሱን ራሱ ጫነው። ጋሽ ይኸነው ባስተማሩት መሠረት፣ ምንጣፉን፣ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ የግንባሩን ጌጥ። አላለቀሰም። አልተቀመጠበትም፤ ያን ሁሉ መንገድ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ሄደ። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ቄስ ሀብቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጢሞ የሌላ እምነት ሰው ስለሆነ ከበሩ መለስ ብሎ ቆመ። እትዬ እንቁ ከሴቶቹ ጋር ሆነው አፉን አፉን ያዩታል። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር የቀረላቸው ነገር አልነበረም።

«ልጄ፣ በእግዚአብሔር ፊት ንገረኝ» አሉት ቄሱ። «በሽታ ነበር?»

«በሽታ ነበር፣ አባቴ» አለ። «እኔ ሳክመው የነበረ በሽታ ነው። መድኃኒት ነበረው። መድኃኒቱን ያጣሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም።»

ቄስ ሀብቱ ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ከዚያ «ግቡ» አሏቸው ለቤተሰቡ። የእትዬ እንቁ ጩኸት ያኔ ነው የወጣው።

በለቅሶው መካከል ፈረሱን ያዞረው ጢሞ ነው። ልጓሙን የቅርብ ዘመድ ነበር መያዝ ያለበት፤ የጋሽ ይኸነው ወንድም ግን «አንተ ያዝ» ብሎ ሰጠው። ሙሾ አውራጇ በአዊኛ ስታወርድ፣ ባለ ፈረሱ ወዴት ሄደ እያለች ፈረሱን ስትጠይቀው፣ ባሌ ቋንቋውን ስለማያውቅ ምን እንደምትል አልገባውም። እኔ ገባኝ። ደስ ይለኛል እንኳን አልገባው።

ፈረሱ ከቤተሰቡ ጋር ቀረ። እኛ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሰው ይታመማል፣ ሴቶች ጸጉራቸውን ይሠራሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ጢሞ ሆዴን ያቃጥለኛል ማለት የጀመረው። የጨጓራ መድኃኒት ከራሱ መደርደሪያ አውጥቶ ይውጣል። እንቅልፍ የለውም፤ ሲገላበጥ ይሰማኛል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ድካም ነው» ይላል። በሽተኞቹን ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሸኛል። በግድግዳው በኩል ሳዳምጥ ያን ጥያቄ ለሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ወገቡን ላመመው ሳይቀር። ቤት ሲገባ ግን እኔን መጠየቅ ተወ። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ የሚቆም የለም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱ በርቶ መጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳውን በላ። ከልጆቹ ጋር ቀለደ። እኔም ጌታ ይመስገን አልኩ፣ አለፈለት። በማግስቱ አቧራ ልጠርግ ስል ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የኅብረቱ ልጅ ናታን ከሰዓት ጸጉር የምትሠራ እህቱን ይዞ ጸጉር ቤቴ መጣ። ዓይኑ በደስታ ያበራል።

«እትዬ ሚልካ፣ ጋሼ ጊታሩን ሰጡኝ እኮ! ‹ከእንግዲህ አንተ ምታ› አሉኝ።»

«ማኅደሯንስ?» አልኩት።

«ከነማኅደሯ!»

እጄ የልጅቷ ጸጉር ውስጥ ቀረ። ጨርሼ ሠራሁላት፤ እንዴት እንደሠራሁላት አላውቅም። ሲወጡ በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን ዞርኩ። የመጨረሻው በሽተኛ ወጥቷል። ጢሞ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ነገሮች እያስተካከለ ነበር፣ መቀሱን ከመቀሱ ጋር፣ እስክሪብቶውን ከእስክሪብቶው ጋር።

በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄ እንዴት እንደሚሆን ፈራሁ።

«ጢሞ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ ነበር፤ «ድምፅሽ የፖሊስ ነው» ሊለኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«አዎ» አለ።

እኔ «በጭራሽ» እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። በተለማመድነው ሁሉ መልሱ «በጭራሽ» ነበር። «አዎ» ሲባል ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው እሱ ነው፤ በዚህ ከተማ ለእንዲህ ያለ ነገር ሰው የሚጠራው እሱን ነው። ሲስተር ስሜነሽ አልተመለሰችም። ስልኬን አየሁት፤ ኔትወርክ የለም።

ጭቃው ላይ ቁጭ ያለው ትዝ አለኝ። ወንበሩን ይዤ ጠረጴዛውን ዞርኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት። አልተናገርኩም፤ እኔ ሚልካ፣ አልተናገርኩም። በውጭ አንድ ሰው በሩን እያንኳኳ «ዶክተር! ዶክተር!» ይላል፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።